የነሐሴው ሞተር

ኢንጂነር ኤርሜስ ጋቪዮሊን የገደለው የሞተር ጭስ ነው። የሞተበት ክፍል ውስጥ ግን ሞተር አልነበረም።

ሐኪሙ ይህን ሲናገር ማሬሻሎ ኒቬስ ካቫዙቲ ብስክሌቷን የቦርጌሊ ፋብሪካ ግንብ ላይ አስደግፋ ገና ላቧን እየጠረገች ነበር። አዎ፣ ብስክሌት። እኛ ሞንቴቬሎዎች ከሞዴና ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ዳር የምንኖር፣ ልጆቻችን አፋቸውን ሳይፈቱ ሞተር በድምፁ የሚለዩ ሰዎች ነን፤ የፖሊስ ጣቢያችን አዛዥ ግን፣ እግዜር ይይላትና፣ መንጃ ፈቃድ እንኳ የላትም። እሁድ እሁድ ከተማው በሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ሲያፈጥ እሷ ባዶውን መንገድ ለብቻዋ ትጋልብበታለች። በዚህ ብዙዎቻችን አንወዳትም ነበር። ጭንቅላቷን ግን ማንም አይክድም።

«እርግጠኛ ነህ?» አለችው ሐኪሙን።

«ጉንጩን እይው እንጂ። የደረሰ ቼሪ መስሏል። የጭስ መርዝ ካልሆነ ዲግሪዬን እመልሳለሁ።»

ጋቪዮሊ በሞተር መፈተሻው ክፍል ከመቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ፊት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል። ከፊቱ ወፍራም መስታወት አለ፤ ከመስታወቱ ማዶ ሞተር የሚታሰርበት የብረት አልጋ። አልጋው ባዶ ነው። ኒቬስ ተንበርክካ ወለሉን አየች። ከአልጋው ሥር ያለው ሲሚንቶ ከሌላው ይልቅ ንጹሕ ነው፤ የማቀዝቀዣው ጎማ ጫፍ ደግሞ ጠብ ጠብ ይላል። ጠብታውን በጣቷ ነክታ ተነሳች።

ነገሩ እንዲገባችሁ ያን በጋ ላስታውሳችሁ። የመኪና እሽቅድምድም ሻምፒዮናው ማኅበር በየቡድኑ ላይ የወጪ ጣሪያ ጭኖ ነበር፤ ማንም በዓመት ከዚህ በላይ አያወጣም፣ በነሐሴም ፋብሪካውን ዘግቶ አንዲት ማሽን አያስነሳም። ትልልቆቹን ለመግታት ነው ተባለ። ትልልቆቹ ሠራተኞቻቸውን በእህት ኩባንያ ስም አስመዝግበው ሾለኩ፤ ጣሪያው ያረፈው ሞተሩን በገዛ እጁ በሚሠራው በእኛው ቦርጌሊ አናት ላይ ነው። ሕጉ ይከበር ከተባለ የሞተር ክፍሉ ይዘጋል፣ ግማሹ ሸለቆም ሥራ ይፈታል። የቡድኑ ባለቤት ሲኞራ ኖርማ ቦርጌሊ ይህን አልዋጥ ብለው ሌሎች ሦስት ቡድኖችን አሳደሙና «ወይ ሕጉን አስተካክሉ፣ ወይ ጥለን ወጥተን የራሳችንን እሽቅድምድም እናቆማለን» ብለው ዛቱ። የመውጣቱን ውል ቅዳሜ ቦሎኛ ላይ ሊፈርሙ ነበር። በአዲሱ ውድድር አራቱም ቡድኖች የሚነዱት ጋቪዮሊ የሠራውን አዲስ ሞተር ነው። ያለ እሱ ሞተሩን የሚጨርስ የለም፤ ያለ ሞተሩ ደግሞ ዛቻው ባዶ ጩኸት ነው። እና ማክሰኞ ጠዋት ጋቪዮሊ ሞቶ ተገኘ።

በሠራተኞች ምግብ ቤት አራት ሰዎች ይጠብቋት ነበር። ሲኞራ ኖርማ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ አንድ ጉልበታቸውን ያነክሳሉ፣ ዛሬም የሠራተኛ ቱታ ነው የሚለብሱት። አጠገባቸው ሎሪስ ፓጋኔሊ፣ ዋናው መካኒክ፣ ሬሳውን ያገኘው እሱ፣ እጆቹን አጣምሮ ወለሉን ያያል። ዳሊላ ሞንቶርሲ የጋቪዮሊ ምክትል ነች፤ ከውጭ ቡድን ሥራ ተሰጥቷት ልትሄድ ነው እየተባለ ሲታማ የከረመ፣ ዐይኗ በለቅሶ ያበጠ ወጣት ኢንጂነር። አራተኛው የኖርማ የወንድም ልጅ ታንክሬዲ ነው። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ከባሕር ዳር ዕረፍቱ ተጠርቶ በነጭ ሱሪና ያለ ካልሲ በተጠለቀ ጫማ መጥቷል።

«መነጽሩን ረስቶ ሊወስድ መጣ» አሉ ሲኞራ ኖርማ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ልቡ ቀጥ አለ። ይኸው ነው።»

«መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው ያለው፣ ሲኞራ።»

«እንግዲያው አግኝቶታላ።»

ኒቬስ ሳቋን ዋጠች። ሴትዮዋ ሲዋሹ እንኳ አንገታቸውን አይሰብሩም። የት ነበራችሁ ብላ አራቱን በየተራ ጠየቀች፤ ሦስቱ ሰኞ ማታ ቤታችን ነበርን አሉ፣ አንዲት ቃል እንኳ ሳይለዋውጡ። ታንክሬዲ ብቻ ባሕር ዳር ነበርኩ አለ።

የመጣ እንግዳ ሳይበላ ከቦርጌሊ ቤት አይወጣም፤ ሰው ቢሞትም። ትኩስ ቂጣ በጨው ስብ ተቀብቶ መጣ፤ ቀይ ወይንም ተቀዳ። ኒቬስ ጠርሙሱን አንስታ ቡሹን አየችው። የሱቅ ወይን ነው። እኛ አገር የኖርማ ቦርጌሊን ጓዳ የማያውቅ የለም፤ አባታቸው በእጃቸው የቆፈሩት፣ የገዛ ወይናቸው የሚፈላበት ጓዳ ነው። እሳቸው ለእንግዳ የሱቅ ወይን ከሚያቀርቡ እጃቸውን ቢቆርጡ ይመርጣሉ።

ኒቬስ አንድ ጉንጭ ጠጣችና ጠርሙሱን አስቀመጠች። «ሲኞራ፣ ጓዳዎ ውስጥ ምን አለ?»

ሎሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«ወይን» አሉ ኖርማ።

«እኔ ማኅበሩ አይደለሁም። የእናንተን ወጪ የምቆጥር አይደለሁም። አንድ የሞተ ሰው አለኝ፣ እሱን ብቻ ነው የምፈልገው።»

ሴትዮዋ ትክ ብለው ካዩዋት በኋላ የጓዳውን ቁልፍ ከቱታቸው ኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። በወይን በርሜሎቹ መሃል፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ የተቃጠለ ዘይት እየሸተተ፣ ሞተሩ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ ተናገሩ። ጋቪዮሊ እስከ ቅዳሜ ለማድረስ በዝግ ፋብሪካ ውስጥ ሞተሩን በድብቅ ይፈትሽ ነበር። የጭስ ማስጠንቀቂያው ደወል ከከተማው እሳት አደጋ ጋር ስለተገናኘ፣ እንዳያጋልጣቸው ብለው እነሱው ቆርጠውታል። ሎሪስ ሰኞ ሞተሩን አስሮለት ሄደ፤ ማታ ጋቪዮሊ ብቻውን አስነሳው። ጠዋት ሎሪስ ሲመጣ ነዳጁ አልቆ ሞተሩ ቆሟል፣ ሰውየውም በርዷል። ኖርማ አልቅሰው ሲጨርሱ መጀመሪያ ሞተሩ ይደበቅ፣ ከዚያ ፖሊስ ይጠራ ብለው አዘዙ።

«አፈርሽብኝ?» አሏት ኒቬስን። «እፈሪ። ኤርሜስ ወንድሜ ማለት ነበር። ግን በነሐሴ ሞተር አስነሱ ተብለን እንደ ሌባ ብንባረር እሱም መቃብሩ ውስጥ ይገለበጣል።»

ኒቬስ አልተቆጣችም። ጋቪዮሊን የገደለው ጭስ ወደ ክፍሉ ከየት ገባ የሚለው ነበር ያስጨነቃት። የሞተሩ ማርሚታ፣ ጭሱን የሚያወጣው፣ ረጅም ቧንቧ ነው፤ በድሮው ግንብ ውስጥ ሌላ መውጫ ስለሌለ ከሞተሩ ተነስቶ በመቆጣጠሪያው ክፍል ጣሪያ ሥር አልፎ ወደ ጭስ መውጫው ይሄዳል። ቧንቧው በየመጋጠሚያው በብረት ቀለበት ታስሯል። መሰላል አስመጥታ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በእጇ ነቀነቀቻቸው። ሁሉም ጥብቅ ናቸው። ጭስ የሚያስወጣ ቀዳዳ የለም።

ስትወርድ ሎሪስና ዳሊላ ሞተሩን መልሰው አልጋው ላይ እያሰሩት ነበር፤ ኖርማ አንዴ ከታየ ምን ያደርጋል ብለው አስወጥተውታል። ኒቬስ መሰላሉን ተደግፋ አየቻቸው። ሎሪስ የቡሎኑን ዳዶ አጠበቀ፤ ከኪሱ ቢጫ ቀለም አውጥቶ ከዳዶው እስከ ሞተሩ አካል ድረስ አንዲት መስመር አሰመረ። ዳዶው ቢላላ መስመሩ ይሰበራል፤ ዐይን ያለው ሁሉ ያያል። ዳሊላ ደግሞ ምንም ሳትባል ዞራ ከኋላ ገባችና ዳዶውን ዳሰሰች፤ በወይን ጠጅ ቀለሟ አንድ ነገር ነካ አድርጋ ወጣች። ሁለቱም አልተነጋገሩም። ግድግዳው ላይ የኖርማ ልጅ የአውሬሊዮ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ነጂ ነበር፣ ከዓመታት በፊት በእሽቅድምድም ላይ ጎማ ወልቆበት የሞተው።

«ሁሉም ሰው የራሱ ቀለም አለው?» አለች ኒቬስ።

«በዚህ ቤት የዳዶ ቁልፍ የጨበጠ ሁሉ» አለ ሎሪስ። «ዕድሜ ልክ። የእኔ ቢጫ ነው፤ ሽማግሌው ቦርጌሊ ነው የሰጠኝ።»

ኒቬስ ወደ መሰላሉ ተመለሰች። ቀለበቶቹ ላይ ያሉት መስመሮች በሙሉ የሎሪስ ቢጫ ናቸው፣ ጥላሸት ለብሰው ጠቁረዋል። በጋቪዮሊ ወንበር ትክክል ያለው ቀለበት ላይ ያለው መስመር ግን ያበራል። ያን ቀለበት ፈትታ አወረደችው። ፊቱን አየች፣ ገልብጣም ጀርባውን አየች። ከጎኑ ያለውንም ፈትታ አወረደች፤ የዚህን ጀርባ ግን ከፊቱ ይልቅ ብዙ አየችው። ሁለቱን በመሐረብ ጠቅልላ የብስክሌቷ ቅርጫት ውስጥ ከተተቻቸው።

አዲስ መስመር፣ ቢጫ ቀለም፣ ሎሪስ። ዐቃቤ ሕጉ ዶቶር ስካሊዮኒ ከሞዴና በስልክ ይህን ሲሰማ ሌላ ነገር አልፈለገም። ጋዜጠኛው በሩን ይዞበታል፣ ማኅበሩም ይደውልበታል። ዐርብ እኩለ ቀን ላይ እመጣለሁ፣ መካኒኩን አዘጋጂልኝ አላት።

«ሎሪስ ከሆነ ለምን በገዛ ቀለሙ ይቀባል?» አለችው።

«ልማድ ነዋ። እነዚህ ሰዎች ከልማድ ሌላ ምን ያውቃሉ?»

«እሱስ ልክ ብለዋል» አለችና ዘጋችው።

ሎሪስ ራሱ አላገዛትም። አብረው የተማሩ ናቸው፤ ቤቱ ሄዳ ደጃፉ ላይ አገኘችው።

«ሰኞ ማታ የት ነበርክ?»

«ቤቴ።»

«ሚስትህ አልነበረም ትላለች።»

«እንግዲያው እሷን እሰሪያት፣ ባሏን ያሳጣች።»

«ሎሪስ፣ እስር ቤት ነው የምትገባው። ሠላሳ ዓመት ነው የሚፈረድብህ። ይገባሃል?»

መካኒኩ እጆቹን አየ። «ኒቬስ፣ መውጣትና መባረር አንድ አይደለም። እኛ በራሳችን እግር ነው የምንወጣው፣ ጭንቅላታችንን ቀና አድርገን። ከቅዳሜ በፊት ከአፌ አንዲት ቃል አይወጣም። ካሰርሽኝ እሰሪኝ።»

ይሄ ሰው አንጀቷን በላት። የሚደብቀው ነገር የራሱ እንዳልሆነ ገባት፤ የማን እንደሆነ ግን እሱን አስገድዳ ልታውቅ አልፈለገችም። ዳሊላም እንደዚያው ሆነች። ከጋቪዮሊ ጋር ተጣልታ እንደነበር አመነች፤ የውጭውን ሥራ ልትቀበል ነበር፣ እሱ ግን ሞተሩን አስነክቷት አስቀራት። ሰኞ ማታ የት ነበርሽ ስትባል ከንፈሯን ነከሰችና ቤቴ አለች።

ታንክሬዲ ብቻ ነበር እንደ ልቡ ያወራ። መኪናው ላይ ተደግፎ ቡናውን እየጠጣ አገኘችው።

«ሎሪስ ክፉ ሰው አይደለም» አለ። «ግን ጋቪዮሊ ባለፈው ወር ሰው ፊት አርጅተሃል ብሎት ነበር። እነዚህ ሰዎች ስድብ አይረሱም፣ ማሬሻሎ።»

«እርስዎስ እዚህ ቤት ቁልፍ ጨብጠው ያውቃሉ?»

ሳቀ። «አያቴ ማንን ማረ? ሁላችንንም በአሥራ ስምንት ዓመታችን አንድ ዓመት ሙሉ ዳዶ አስጠብቆናል። ሰማያዊ ነበር ቀለሜ። እንደጨረስኩ ለንደን ገባሁ፤ ከሦስት ዓመት በፊት አክስቴ እስኪጠሩኝ አልተመለስኩም። አሁን ከቢሮ አልወጣም። ያን ክፍል ረግጬው አላውቅም ብል ይቀለኛል።»

«የእርስዎ ሐሳብ መውጣት ነው መቆየት?»

«መቆየት ነዋ። ቡድኑን በጥሩ ዋጋ ሊገዙ የመጡ ሰዎች አሉ። የሚገዙት ግን በሻምፒዮናው ውስጥ ያለንን ቦታ ነው። ከወጣን ምን አለን? አሮጌ ግንብ። አክስቴ እልኸኛ ናቸው፣ እልህ ደግሞ አይበላም።»

«ለቀብር መጥተው ነበር? ለአውሬሊዮ?»

ፊቱ ትንሽ ጠቆረ። «ለቀብሩ መጣሁ። በማግስቱ ተመለስኩ።»

ኒቬስ አመስግናው ብስክሌቷ ላይ ወጣች።

ዐርብ ዶቶር ስካሊዮኒ ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ መጣ። አራቱም ምግብ ቤቱ ውስጥ ተሰብስበዋል፤ ሎሪስ ሊወስዱት እንደሆነ አውቆ የቅዳሴ ልብሱን ለብሷል። ሚስቱ ውጭ ቆማለች። እኛም የቻልነውን ያህል በመስኮቱ ተደርድረናል፣ ምን ይደረግ።

ኒቬስ ጠረጴዛው ላይ የማርሚታ ቀለበቶች ከነቡሎናቸው፣ አንድ የዳዶ ቁልፍና የፋብሪካውን የቀለም ሳጥን አስቀመጠች። ዐቃቤ ሕጉ ቀልድ የመሰለው ይመስል ፊቱን ቋጠረ።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ» አለች። «አንድ አንድ ቀለበት አንሱና በዚህ ቤት እንደሚታሰረው እሰሩልኝ። ሎሪስ፣ ጀምር።»

ሎሪስ ትከሻውን ነቀነቀ። ዳዶውን አጠበቀ፣ ቢጫ መስመር አሰመረ፣ ሳያስበውም ቀለበቱን ወደ ዳሊላ ዘረጋ። ዳሊላ ተቀብላ ገለበጠችው፤ ከጀርባው ዳዶውን በጣቷ ዳሰሰችና በወይን ጠጅ ቀለሟ ነጥብ አሳረፈችበት። ከዚያ የራሷን አጥብቃ፣ አስምራ፣ ለሎሪስ ሰጠችው፤ እሱም ጀርባውን በቢጫ ነካ። ተራው የታንክሬዲ ሆነ። ፈገግ ብሎ ቁልፉን ጨበጠ። እጁ አልረሳም፤ ዳዶውን ልክ አድርጎ አጠበቀ፣ በሰማያዊ ቀለም እንደ ክር ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ፣ ቀለበቱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ሎሪስ ሊቀበል የዘረጋው እጅ ባዶውን ቀረ። ሲኞራ ኖርማ ያን ቀለበት ብቻ ነበር የሚያዩት።

«ምንድን ነው?» አለ ታንክሬዲ። «ስህተት አለው?»

«የለውም» አለች ኒቬስ። «ዶቶሬ፣ ሰው የሞተው ማርሚታው በሰው እጅ ስለላላ ነው። በዚህ ቤት የታሰረ ቀለበት በራሱ ላልቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ገዳዩ እንደላላ ሊተወው አልቻለም፣ የቤቱ ሰው በአንድ እይታ ያውቅበታል። ሞተሩ ነዳጁን ጨርሶ ሲቆም ገብቶ መልሶ አጠበቀው። ሲፈታው ግን አሮጌው መስመር ተሰብሯል። ጠረገውና አዲስ አሰመረ፣ ከጎኑ እንዳሉት በቢጫ። የቀረውን ደግሞ ለሌሎቹ ተወላቸው። በነሐሴ ሞተር አስነስተዋልና እንደሚደብቁት፣ ቧንቧውንም ማንም እንደማያይ ያውቅ ነበር።»

«ሎሪስም ይህን ሁሉ ማድረግ ይችላል» አለ ስካሊዮኒ።

«ይችላል። ግን ይህን ይመልከቱ።» ከመሐረቡ ሁለቱን ቀለበቶች አወጣች። «ይሄ ከጎን የነበረው ነው። ፊቱ ላይ መስመር፣ ጀርባው ላይ የዳሊላ ነጥብ። እዚያ ቧንቧ ላይ ያለው ሁሉ እንዲህ ነው፣ በኋላ ተመልሼ እያንዳንዱን አይቻለሁ። ይሄ ደግሞ ገዳዩ የነካው ነው። መስመር አለው። ጀርባው ባዶ ነው። ሎሪስ ቢሆን፣ ዳሊላ ብትሆን፣ ብቻቸውን እንኳ ቢሆኑ ነጥቡን ራሳቸው ይሠሩት ነበር፤ እንደሚጎድል ያውቃሉና። ይሄን የሠራው ሰው ጀርባው ላይ ነገር መኖሩን አያውቅም። ከመሰላል ላይ ሆኖ የሚታየው ፊቱ ብቻ ነው። ማሰር የተማረው ነጥቡ ሳይመጣ በፊት ነው። ሲኞራ፣ ነጥቡ መቼ መጣ?»

ኖርማ መለሱ። «አውሬሊዮን የቀበርኩ ሳምንት። ጎማውን ያሰረው ሰው መስመሩን አስምሮ ነበር። ዳዶው ግን አልጠበቀም፤ አስምሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት አንድ ሰው አስሮ ብቻውን አይሄድም፤ ሌላው ዞሮ ከኋላ ይዳስሳል። የልጄ ነጥብ ነው።» ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞሩ። «አንተ በማግስቱ ሄደሃል።»

ታንክሬዲ ቀለበቱን አንስቶ ገለበጠው። ጀርባው ላይ ምንም የለም። «በአንድ ጠብታ ቀለም ሰው ልታስሩ ነው?» አለ፤ ድምፁ ግን ወደ ላይ ሸሸበት።

«አይደለም» አለች ኒቬስ። «እስካሁን ግን የእርስዎን መኪና ለመጠየቅ ምክንያት አልነበረኝም። አሁን ዶቶር ስካሊዮኒ የአውራ ጎዳናውን ካሜራ ይጠይቁልኛል፤ ሰኞ ማታ ከባሕር የመጣ ካለ።»

ስካሊዮኒ ሎሪስን አየ፣ ታንክሬዲን አየ። አዎ፣ ይጠየቃል አለ።

ያን ጊዜ ታንክሬዲ ፈነዳ። «ማን ነው ታዲያ ይህን ቤት ያዳነው? እሱ ሞተሩን ጨርሶ ቢሆን ቅዳሜ ሁላችሁም ገደል ትገቡ ነበር! አንድ ሰው ነው። ለአንድ ሰው ብላችሁ ቤቱን ሁሉ ...» ንግግሩን አልጨረሰም። ዳሊላ እጇን አንስታ በጥፊ አለችው፤ ፖሊሶቹም መሃል ገቡ።

ካቴናው ለሎሪስ የመጣው ነበር። ሲያስሩት ሲኞራ ኖርማ ቀረብ ብለው አዩት። የወንድማቸው ልጅ ነው፣ ሌላ ወራሽ የላቸውም። ዐይናቸው እንባ ሞላ፣ አልጠረጉትም።

«ቤቱን አዳንኩ አልክ» አሉት። «ቤቱ ኤርሜስ ነበር፣ አንተ ድንጋይ።»

ከዚያ ወደ ዐቃቤ ሕጉ ዞሩ። «ጻፍ ልጄ። ሎሪስና ዳሊላ ሰኞ ማታ የት እንደነበሩ ልንገርህ። የእኔ ጎተራ ውስጥ ሁለተኛውን ሞተር ሲገጥሙ ነበር፤ ራቱን ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ። ሁለት ሞተር በነሐሴ። ይሄን ሰው እስር ቤት ይግባ ብዬ ዝም አልልም፤ ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ሲኞራ፣ ማኅበሩ ያባርረናል» አለ ሎሪስ።

«ያባርረን።»

ቅዳሜ ቦሎኛ ሄዱ። የማኅበሩ ሰዎች ወሬውን ቀድመው ሰምተው የማባረሪያ ደብዳቤውን አዘጋጅተው ይጠብቋቸው ነበር ይባላል። ኖርማ ከመቀመጣቸው በፊት የቡድኑን የመግቢያ ካርዶች በሙሉ በከረጢት አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉ። በነሐሴ ሞተር አስነስቻለሁ አሉ፤ ቅጣቱን እከፍላለሁ፣ ይቅርታ ግን አልጠይቅም፤ ትልልቆቹ በእህት ኩባንያ ስም ሲያስነሱ ማንም አልሰማም። የሦስቱ ቡድን ሰዎች ጋቪዮሊ ሞቷልና ይፈራሉ ብለን ነበር። ሁለቱ ተከተሏቸው። አንዱ ቀረ፤ ስሙን አልጠራውም።

ማታውኑ ተመለሱና ማንንም ሳያሳርፉ ወደ መፈተሻው ክፍል ገቡ። ኒቬስ ጀርባው ባዶ የነበረውን ቀለበት ከጣቢያ አስፈቅዳ በብስክሌቷ አምጥታዋለች። ሎሪስ መሰላሉ ላይ ወጥቶ አሰረው፤ አጠበቀው፣ ቢጫ መስመሩን አሰመረ፣ እንደ ልማዱም እጁን ወደ ታች ዘረጋ ቀጣዩን ሰው እንዲወጣ። ዳሊላ ልትወጣ ስትል ኖርማ በክንዳቸው ገፋ አደረጓት። በዚያ በሚያነክሱት ጉልበታቸው መሰላሉን እየረገሙ ወጡ። ከቱታቸው ኪስ አረንጓዴ ቀለም አወጡ፤ የኤርሜስ ጋቪዮሊ ቀለም ነው። ከኋላ ዞረው ዳሰሱትና ነጥቡን አሳረፉ።

«በሩን ክፈቱት» አሉ ሲወርዱ። «መስኮቱንም። ሁሉንም ክፈቱ።»

ነሐሴ ገና አላለቀም ነበር። ሎሪስ ሞተሩን አስነሳው፤ ድምፁም በተከፈተው በር ወጥቶ እስከ ታች ሸለቆው ድረስ ተሰማ።